የበኩር ልጄ ቆዳ

የበኩር ልጄ ሁለት ወር ተኩል ሲሆነው ጉንጮቹ ቀሉ። መጀመሪያ ብርድ የመታው መሰለኝ። አስመራ በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት ጠዋት ይበርዳል፤ ቀትር ላይ ፀሐዩ ያቃጥላል፤ አየሩ ደግሞ ደረቅ ነው። እኔ ጭጋግ በማይለየው ደሴ ስላደግሁ አስመራ ከሄድሁ ጀምሮ ከንፈሬም እጄም ይሰነጠቅ ነበር። የልጁንም ጉንጭ ከዚያ ለይቼ አላየሁትም። በሳምንቱ ቅላቱ ወደ ግንባሩ ወጣ። በሁለተኛው ሳምንት ቆዳው ሻከረና መፈርፈር ጀመረ፤ በሦስተኛው በየቦታው ውሃ ቋጠረ። ልጁ ፊቱን ከትራሱ ጋር ያፋትግ ነበር፤ እጁን አንሥቶ ማከክ ገና ስላላወቀበት ነው።

ፌዴሬሽኑ ፈርሶ ኤርትራ ጠቅላይ ግዛት ከተባለች ጥቂት ዓመታት አልፈው ነበር። ባለቤቴ የጦር ሠራዊት መቶ አለቃ ነበር፤ ሥራው የሬዲዮ መገናኛ ነው። በተጋባን በስድስተኛው ወር ወደ አስመራ ተዛወረ፤ እኔም ተከተልሁት። ጥራቮሎ በሚባል ሰፈር፣ ከአንዲት ባልቴት ግቢ ሁለት ክፍል ተከራየን። ግቢው ጣልያን የሠራው ነው፤ ከበሩ ጎን አንድ የልብስ ማጠቢያ ክፍል፣ መካከሉ ላይ አንድ የሎሚ ዛፍ ነበረበት።

ባልቴቷን ሰፈሩ ሁሉ «አደይ» ይላቸዋል፤ በትግርኛ «እናቴ» ማለት ነው፤ እኔም እንዲሁ አልኋቸው። ከልጅነታቸው ጀምሮ በጣልያኖች ቤት ልብስ ሲያጥቡና ሲተኩሱ ኖረዋል። ጣልያንኛ እንደ ልባቸው ይናገራሉ። አማርኛቸው ግን ከእኛ በፊት ከነበሩ ተከራዮች የለቀሙት ነበርና ሲቸግራቸው ወደ ትግርኛቸው ይመለሳሉ። ለእኔ ደግ ነበሩ፤ «ጓለይ» ይሉኛል፤ ልጄ ማለታቸው ነው። ባለቤቴ በወታደር ልብሱ ሲገባ ግን በራቸውን ቀስ አድርገው ይዘጉታል። በጥላቻ ነው ለማለት አልችልም። ብቻ ይዘጉታል። ሰላም ሲላቸው «ከመይ ውዒልኩም» ብለው ይመልሳሉ፤ በአንድ ዓመት ውስጥ በሁለቱ መካከል ከዚያ ያለፈ ቃል አልሰማሁም።

እኔ በንጽሕና የማምን ሴት ነበርሁ። በትምህርት ቤት የባልትና አስተማሪያችን በሽታ ሁሉ ከቆሻሻ ይመጣል ብላ አስተምራን ነበርና፣ ያንን ይዤ ልጁን ማለዳና ማታ በሙቅ ውሃና በሳሙና አጥበው ጀመር። አረፋው ነጭ እስኪሆን አሸዋለሁ፤ ከዚያ በደረቅ ፎጣ አብሰዋለሁ። ቆዳው ሲብስ ማጠቡን ጨመርሁ። ዛሬ ሳስበው ከማንም በላይ የጎዳሁት እኔ ነኝ። ይህን የምለው ለጸጸት አይደለም፤ የሆነው እንዲህ ስለሆነ ነው።

ከመንገዱ ማዶ ጡረታ የወጡ አንድ ድሬሰር ይኖሩ ነበር። ልጁን ታቅፌ ሄድሁ። በራቸው ላይ ቆመው፣ ሳይነኩት፣ እከክ ነው አሉኝ። ቤት ያለው ልብስ ሁሉ እንዲቀቀል አዘዙና የድኝ ቅባት በቆርቆሮ ሰጡኝ። ሦስት ቀን ቀባሁት። በሦስተኛው ቀን የልጁ ፊት እንደ ተላጠ ቲማቲም ሆነ። ጡት ለመጥባት ጉንጩ ገላዬን ሲነካ ይጮኻል፤ ይርበዋል፣ ይጠጋል፣ መልሶ ይጮኻል። ቅባቱን ጣልሁት። ወደ ድሬሰሩ ግን ተመልሼ ለመንገር አፈርሁ፤ ትልቅ ሰው ናቸው።

የእከክ ወሬው ግን ከቅባቱ ቀድሞ ወጥቷል። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከመኮንኖች ሚስቶች ጋር በየተራ በየቤታችን እየተሰበሰብን ሹራብ እንሠራ ነበር። ለልጄም ከነካልሲው ሹራብ የሠሩለት እነሱ ናቸው፤ ከጥሩ የሱፍ ክር። አንድ ቅዳሜ አንደኛዋ የዓመት ልጇን ከጎኔ አነሣችና ከወዲያ ማዶ አስቀመጠቻት። ጨዋ ሴት ነበረች፤ ብርድ እንዳይመታት ብዬ ነው አለችኝ። የተቀመጥነው ግን ፀሐይ ላይ ነበር። በሚቀጥለው ሳምንት ስብሰባው በማን ቤት እንደሆነ የነገረኝ የለም። እኔም አልጠየቅሁም፤ ቅዳሜዬን ልጄን ይዤ ሎሚው ሥር ተቀመጥሁ።

አደይ ያን ጊዜ ወጥተው አጠገቤ ተቀመጡ። ልጁን ከእጄ ወስደው ፊቱን በጣታቸው ጀርባ ዳሰሱት። እከክ አለመሆኑን ነገሩኝ፤ እከክ ቢሆን በጣቶቹ መካከልና በእጅ አንጓው ላይ ይወጣ ነበር፣ እኔንም ይይዘኝ ነበር። ከዚያ ሳሙናውን እንድተው መከሩኝ። አንዲት ያሳደጓት የጣልያን ልጅ እንዲህ ያለ ገላ እንደነበራትና እናቷ በፉርሽካ ውሃ ታጥባት እንደነበር አወሩልኝ። ወዲያው አንድ እፍኝ የስንዴ ፉርሽካ በንጹሕ ጨርቅ ቋጥረው፣ ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ውሃው ወተት እስኪመስል ጨመቁት። ልጄ ከተወለደ ጀምሮ በውሃ ውስጥ ዝም ብሎ የተቀመጠው ያን ቀን ነው።

በየካቲት ባለቤቴ ከጦሩ ጋር ወደ ምዕራብ ቆላ ወረደ። ምን ሊሠሩ እንደሚሄዱ አልነገረኝም፤ የመኮንን ሚስት አትጠይቅም ተብዬ ስለነበር እኔም አልጠየቅሁም። አርባ ቀን ያህል ቆየ። በእነዚያ ቀናት የልጁ ፊት እየጠራ ሄደ። በመጀመሪያ ውሃ መቋጠሩ ቆመ፣ ከዚያ ቅርፊቱ ረገፈ፣ ከሥሩ ለስላሳ አዲስ ቆዳ ወጣ። አየሩም ስለሞቀ ሹራቡን አውልቄለት ነበር። ቀና ብሎ መሳቅ የጀመረውም ያኔ ነው። ለባለቤቴ በጻፍሁለት ደብዳቤ ላይ ልጁ ድኗል አልሁ።

ባለቤቴ የተመለሰው በአንድ ሐሙስ ቀን ከሰዓት ነው። ከመኪናው ወርዶ፣ አቧራውን ሳያራግፍ፣ በካፖርቱ እንዳለ ልጁን አነሣው። ትከሻው ላይ አድርጎ ግቢውን ወዲያና ወዲህ ተመላለሰበት። ልጁ ፊቱን በአባቱ አንገት ሥር ቀብሮ አንቀላፋ። ባለቤቴ ዝምተኛ ሰው ነው፤ በዚያች ሰዓት ግን ያንጎራጉር ነበር። ቅዳሜ ጠዋት የልጁ ጉንጭ ቀላ። እሑድ ውሃ ቋጠረ።

ለሁለት ሳምንት እንዲህ ቆየን። ከዚያ ባለቤቴ እንደገና ወረደ፤ ልጁ ዳነ። ተመለሰ፤ በሁለተኛው ቀን ፊቱ እንደገና ፈነዳ። በእኔ በኩል ምንም የለወጥሁት ነገር አልነበረም፤ ያው ፉርሽካ፣ ያው ውሃ፣ ያው ጡት።

ቁርስ ላይ ነበርን። ባለቤቴ ሻሂውን ሳይነካ፣ አልጋው ላይ የተኛውን ልጅ እያየ፣

«እኔ ስሄድ ይድናል። እኔ ስመጣ ይነሣበታል» አለ።

«አጋጣሚ ነው» አልሁት።

«ሁለት ጊዜ?»

ኮፍያውን አንሥቶ ወጣ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጁን ማቀፍ ተወ። ማታ ሲገባ በሩ ላይ ይቆምና ያየዋል። ልጁ እጁን ሲዘረጋለት፣ ኮፍያውን እንደሚሰቅል ሰው ዞር ይላል። እሱ ያልተናገረውን እኔም ለመናገር አልደፈርሁም። ያሰበውን ግን ማወቅ አስቸጋሪ አልነበረም፤ እዚያ ቆላ ውስጥ የሆነ ነገር ተከትሎት ወደ ቤቱ እንደገባ አስቧል።

ይህን የሚያስበው እሱ ብቻ አልነበረም። ጠዋት ጠዋት ውሃ የምንቀዳው ከመንገዱ ዳር ካለው ቧንቧ ነው። አንድ ቀን ልጁን አዝዬ ስደርስ ሁለት ሴቶች እያዩኝ አንድ ነገር ተባባሉ። ትግርኛዬ ገና ነበር። «ኣቦኡ» ያሉትን፣ አባቱ ማለት መሆኑን፣ ለየሁት፤ «ሓጢኣት» የሚለውን ደግሞ ሁለቱም ቋንቋ ስላለው አላለፈኝም። አደይ ከኋላዬ ነበሩ። ባልዲያቸውን አስቀምጠው ለሴቶቹ አንዲት አጭር ቃል ተናገሩ፤ ሴቶቹ ወደ ቧንቧው ዞሩ። ወደ ቤት ስንመለስ ምን እንዳሏቸው ጠየቅኋቸው። «ስለ ውሃው ነው» አሉኝ።

በዚያው ሰሞን ባለቤቴ ሳይነጋ እየወጣ፣ ፀሐይ ሲወጣ ተመልሶ፣ ከዚያ ለሥራ መልበስ ጀመረ። ጸጉሩ እርጥብ ነው፤ የሸሚዙም አንገት እርጥብ ነው። በሦስተኛው ቀን ጸበል መሆኑ ገባኝ። ልጁን ሊወስደው እንዳሰበ ጠርጥሬ፣ በዚህ የንጋት ብርድ በቀዝቃዛ ውሃ አይሆንም ልለው ተዘጋጅቼ ነበር። ቃሉን ከአፌ ሳላወጣ፣

«ልጁን አልወስደውም» አለኝ። «የምጠመቀው እኔ ነኝ።»

ሰባት ቀን ሄደ። ለነፍስ አባቱ ምን እንደተናገረ አላውቅም። በሰባተኛው ቀን ተመልሶ ወደ አልጋው ተጠጋ፤ ልጁን አየው፤ ጉንጩ እንዳለ ነበር። ካፖርቱን ለብሶ ወጣ።

እኔ የምሠራውን አጥቼ ነበር። ከልጁም ይልቅ ያን ጊዜ ያሳሰበኝ እሱ ይመስለኛል፤ ምግብ አይቀምስም፣ ቤት ውስጥ እንደ እንግዳ ጠርዝ ጠርዙን ይሄዳል። አደይ በመስኮታቸው የሚያዩትን ያያሉ። አንድ ሰኞ ጠዋት ነጠላቸውን ለብሰው በራችን ላይ ቆሙና «ጓለይ፣ ልጁን አልብሺው። የምናሳየው ሰው አለ» አሉኝ። የት ብላቸው ሕፃናት ወደምታክም አንዲት የካቶሊክ መነኩሲት መሆኑን ነገሩኝ። ፌርማታው ድረስ በእግራችን ሄደን በአውቶቡስ ተሳፈርን።

መነኩሲቷ አሮጊት ነበረች፤ ጣልያንኛ እንጂ አማርኛ አታውቅም። የምትጠይቀውን አደይ ወደ አማርኛ ይመልሱልኛል፣ የእኔን ደግሞ ወደ ጣልያንኛ። ልጁን ታየዋለች ብዬ ስጠብቅ መጀመሪያ ያየችው ልብሱን ነው። አንድ በአንድ እያወለቀች የክንዷን ውስጠኛ ጎን፣ ስሱን ቆዳ፣ ታሽበታለች። የአቡጀዲውን ሸሚዝ ወደ ጎን አኖረችው። ለመንገዱ ብዬ ያለበስሁትን ሹራብ ስታሽ ክንዷ ላይ ቀይ ሰንበር ወጣ፤ አሳየችኝና ወለሉ ላይ ጣለችው። የመኮንኖቹ ሚስቶች ሹራብ ነበር።

ከዚያ ልጁን ዕርቃኑን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረችው። የክርኑንና የጉልበቱን እጥፋት ተመለከተች፤ እዚያም ጀምሮት ነበር፣ እኔ አላስተዋልሁም። ቀኝ ጉንጩን አየች፣ ግራውን አየች፣ ተመልሳ ቀኙን አየች። ቀኙ ይብሳል። አንሥታ ትከሻዋ ላይ አደረገችውና፣ እንዲህ አድርጎ የሚይዘው ማን ነው ብላ ጠየቀች።

አደይ ጥያቄውን ያን ጊዜ አልተረጎሙልኝም። እኔን ሳይጠይቁ ራሳቸው በጣልያንኛ መለሱ፤ ረዘም ያለ መልስ ነበር። ከሁሉም ውስጥ የገባኝ «ካፖቶ» የሚለው ቃል ብቻ ነው፤ ካፖርት ማለታቸው ነበር። ኋላ እንደነገሩኝ ያሉት ይህን ነው፤ አባቱ ወታደር ናቸው፣ ሲገቡ ሳይቀይሩ ያቅፉታል፣ ልብሳቸው ሱፍ ነው፣ እኔ የመኮንን ሱፍ ሃያ ዓመት አጥቤያለሁ፣ እጄን ይበላው ነበር። ያን ሁሉ ጊዜ በተዘጋው በር ጀርባ ሆነው ሲያዩ እንደነበር ያወቅሁት በዚህ ነው።

መነኩሲቷ ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ ቀስ ብላ፣ አደይ እስኪከተሏት እየቆመች ተናገረች። አደይም እንዲህ አሉኝ፦

«ይሄ ኤክዜማ ነው ትላለች። አይጋባም። ቆዳው ሲፈጠር ደረቅ ነው፣ ደረቅ ቆዳ ሁሉ ነገር ያስቆጣዋል። ሱፍ ያስቆጣዋል፣ ሳሙና ያስቆጣዋል፣ ላብ ያስቆጣዋል። ዛሬ ይድንና ነገ ይመለሳል፤ አትደንግጪ ትላለች። እያደገ ሲሄድ ይቀንሳል።» ከዚያም ጨመሩ፤ «የማንም ሓጢኣት ኣይደለም ትላለች።»

መነኩሲቷ የተናገረችው ቃል በጣልያንኛ «ጥፋት» ማለት እንደሆነ ዘግይቼ ተረዳሁ። አደይ «ሓጢኣት» ያሉት አማርኛው ጠፍቷቸው ይሁን ዐውቀው፣ አልጠየቅኋቸውም።

ኤክዜማ ያለችው እኛ ችፌ የምንለው ነው። እኔ ችፌን የማውቀው በሽማግሌ እግር ላይ ነበር፤ ጡት የሚጠባ ልጅ ይይዛል ብዬ አላሰብሁም። መነኩሲቷ የምሠራውን በዝርዝር አስጠናችኝ። ገላውን በቀን አንድ ጊዜ፣ ለብ ባለ ውሃ፣ ለአጭር ጊዜ፣ ያለ ሳሙና፤ ፉርሽካው መልካም ነው። ፎጣውን መጫን እንጂ ማሸት የለም። ገላው ገና እርጥበቱ ሳይለቀው ቫዝሊን በብዙው መቀባት፤ ቀንም ደረቅ ባለ ቁጥር እንደገና። ልብሱ ጥጥ ብቻ፤ ሲታጠብ ሳሙናው እስኪለቅ ሦስት ጊዜ በንጹሕ ውሃ መለቅለቅ። ጥፍሩን በየሦስት ቀኑ ማሳጠር። በጣም ለተቆጣው ቦታ አንዲት ትንሽ ቱቦ ቅባት ሰጠችኝ፤ በስሱ፣ ለአምስት ቀን፣ ፊቱን ሳይነካ፣ ከዚያ ማቆም። ሕፃን ሆነው ጥሬ ቅቤና ሎሚ የተቀቡ ልጆች ሲመጡባት ምን እንደምትሆን በእጇ አሳየችኝ፤ ራሷን ያዘች።

ማታ ለባለቤቴ ነገርሁት። በሩ ላይ እንደቆመ አዳመጠኝ።

«ምን አለች? ቃል በቃል ንገሪኝ።»

«አይጋባም አለች። ሱፍ ያስቆጣዋል አለች። የማንም ኃጢአት አይደለም አለች።»

«ኃጢአት ብላ ተናገረች?»

«አደይ እንዲያ ብለው ተረጎሙልኝ።»

ወንበር ስቦ ተቀመጠ። የካፖርቱን እጅጌ በሁለት ጣቱ ይዞ ሲያሸው ቆየ። ያመነ አይመስለኝም። ሰባት ቀን በብርድ የተጠመቀበት ነገር የልብስ ጉዳይ ነው ብሎ መቀበል ለማንም አይቀልም።

በማግሥቱ ከሥራ ሲመለስ አደይ በራቸውን አልዘጉም። የግቢው በር አጠገብ፣ የልብስ ማጠቢያው ክፍል ደጃፍ ላይ ቆመው ጠበቁት። ክፍሉ ውስጥ ግድግዳው ላይ ምስማር መትተዋል፤ ከሥሩ በርጩማ፣ በርጩማው ላይ ውሃ ያለበት ሳፋና ከእኔ የወሰዱት የባለቤቴ አሮጌ የጥጥ ሸሚዝ ነበር።

«መቶ አለቃ» አሉት፤ በማዕርጉ ሲጠሩት የመጀመሪያቸው ነው። «ልብስዎን እዚህ ያውልቁ። ፊትዎን፣ አንገትዎን፣ እጅዎን ይታጠቡ። ከዚያ ይግቡ።»

ሰው ሲያዘው አይወድም። ለአንድ አፍታ ቆሞ አያቸው። ከዚያ ኮፍያውን አወለቀና ገባ። አደይ በሩን ከውጭ ገጠሙለትና ወደ ክፍላቸው ሄዱ።

በአሮጌው የጥጥ ሸሚዙ፣ ነጠላ ደርቦ፣ እጁ ውሃ እያንጠባጠበ ወደ እኛ መጣ። ልጁን ሰጠሁት። እንደ ተሰባሪ ዕቃ ነበር የያዘው። ልጁ እንደ ልማዱ ፊቱን አንገቱ ሥር ቀበረ። ባለቤቴ ልጁ እስኪያንቀላፋ ድረስ አልተቀመጠም፤ እኔ ወጥ ሠርቼ ጨረስሁ፣ እሱ ገና ይመላለሳል።

በማግሥቱ ጠዋት ቀድሞኝ ተነሥቶ መስኮቱን ከፈተና የልጁን ጉንጭ አየ። በሁለተኛው ቀን አየ። በሦስተኛው ቀን ጉንጩ አልቀላም። «ልብሱ ነው እንግዲህ» አለ። ልብሱ ነው አልሁት። ወጥቶ ጫማውን ሲያስር ከወትሮው ረዘም ላለ ጊዜ ጎንበስ ብሎ ቆየ። እኔም ወደ ሥራዬ ሄድሁ።

ከዚያ በኋላ አስመራ እስከኖርንበት ድረስ የወታደር ልብሱ የልብስ ማጠቢያውን ክፍል ደጃፍ አላለፈም። አደይም በራቸውን መዝጋት ተዉ። ወዳጆች ሆኑ ማለት አይቻልም። ሰላም ይባባላሉ፤ ዝናብ ሲዘገይ ስለ ውሃ ያወራሉ፤ አንድ ጊዜ የተሰበረ ካውያቸውን ጠግኖላቸዋል። የእኅታቸው ልጅ ሜዳ መውጣቱን፣ ከሸማቂዎቹ ጋር መቀላቀሉን፣ የሰማሁት ከሌላ ሰው ነው። እሳቸው አልነገሩኝም። ባለቤቴ ያውቅ እንደሆነም አላውቅም፤ ቢያውቅ አይነግረኝም ነበር።

የልጁ ቆዳ በዚህ አልዳነም። መነኩሲቷ እንዳለችው ሄደ፣ መጣ። ጥርስ ሲያበቅል መጣ። እንቁላል ባበላሁት ቀን ከንፈሩ ዙሪያ መጣ፣ እንቁላል ለሁለት ዓመት ተወሁ። ክረምት ሲገባ ይሻለዋል፣ ጥቅምት ሲጠባ ይመለሳል። አንድ ዓመት ተኩል ሲሆነው ከጉልበቱ ጀርባ ሲያከው ቆስሎ አመረቀዘ፤ ቢጫ ቅርፊት ያዘ፣ ትኩሳት አመጣ። አደይና እኔ ይዘነው ሄድን፤ መነኩሲቷ በጨርቅ እያራሰች ቅርፊቱን አነሣች፣ አሥር ቀን መርፌ ተወጋ። የዚያን ጊዜ ጠባሳ እስከ ዛሬ አለ። ያን ሰሞን ንጹሕ የጥጥ ጨርቅ በለብታ ውሃ ነክሬ፣ ጨምቄ፣ ከተቀባ በኋላ እግሩን እጠቀልልለት ነበር፤ ማከኩ ጋብ ይልለታል። እጁ ላይ ካልሲ አጥልቄ ክርኑ ላይ በጥብጣብ አስራለሁ። በአፉ መፍታት ሲማር ጥብጣቡን ከኋላ ሰፋሁት።

ስለ እንዲህ ያለ ልጅ አሳዳጊ የሚነገር ትልቅ ነገር የለም። ቀኑ ሁሉ አንድ ዓይነት ነው፤ ውሃ ማሞቅ፣ ፉርሽካ መጭመቅ፣ መቀባት፣ ጥፍር መቁረጥ፣ ልብስ ሦስት ጊዜ መለቅለቅ። አሰልቺ ነው። አንድ ቀን ሰልችቶኝ ሳልቀባው አስተኛሁት፤ በማግሥቱ ዋጋዬን አገኘሁ። ቫዝሊኑ ልብሱን ሁሉ፣ አንሶላውን፣ የእኔንም ደረት ያወዛው ነበር፤ ቤታችን የቅባት ሽታ ነበረው። እንግዳ ሲመጣ ይሄ ምንድን ነው ካለኝ ችፌ ነው፣ አይጋባም እላለሁ። ያመነኝ አለ፣ ወንበሩን ያራቀ አለ።

ለልጁ ከሚሠሩት ሥራዎች ሁሉ ባለቤቴ የማታውን ቅባት የእሱ አደረገ። ማንም ሳያዘው ነው። ከክርኑ እጥፋት ይጀምራል፣ ወደ ጉልበቱ ይወርዳል፣ በጣቱ መካከል ሳይቀር። የሬዲዮ ዕቃ እንደሚፈታታ ሰው በጥንቃቄ ይሠራዋል፤ እየቀባም ለልጁ የፊደላትን የሬዲዮ ምልክት በከንፈሩ ያሰማዋል፣ አጭር፣ ረጅም፣ አጭር። ልጁ ከመናገሩ በፊት ያንን መለሰ። በቀረው ጊዜ ባለቤቴ ያው ዝምተኛ ሰው ነበር፤ ወደ ቆላ ሲወርድም ሲመለስም ስለዚያ አንዲት ቃል አልተናገረም። ስለ ሰባቱ የጸበል ቀናትም እስኪሞት ድረስ አላነሣም፤ እኔም አላነሣሁበትም።

ከአስመራ የወጣነው ልጁ ስድስት ዓመት ሲሞላው ነው፤ ባለቤቴ ወደ ሐረር ተዛወረ። በዚያን ጊዜ ፊቱ ጠርቷል። የቀረው ከጉልበቱ ጀርባና ከእጅ አንጓው ላይ ነበር። ሴቷ ልጄም ተወልዳለች፤ የእሷ ቆዳ እንደ ማንኛውም ልጅ ቆዳ ነው፣ በሳሙና አጠብኋት፣ ሹራብ አለበስኋት፣ ምንም አልሆነችም። የወጣን ዕለት አደይ በሩ ላይ ቆመው ልጆቹን ሳሙ። ባለቤቴ ለጉዞው የለበሰው የወታደር ልብሱን ነበር። እጃቸውን ለመሳም ሲያጎነብስ ከለከሉትና እሳቸው ትከሻውን ሦስት ጊዜ ሳሙት። «የቐንየለይ» አላቸው፤ አመሰግናለሁ ማለት ነው፤ ያጠናው ትግርኛ ያ ነበር።

የሐረር አየር ለልጁ ተስማማው። በመጀመሪያው ዓመት ያስቸገረው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ትምህርት ቤት የሰጡት ቀበቶ በብረቱ ሆዱን አቆስሎት ነበር። ጠዋት ልቀባው የቫዝሊኑን ቆርቆሮ ስከፍት እጁን ዘረጋ።

«እኔ ዐውቃለሁ» አለኝ።

ሰጠሁት። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ሸሚዙን በጥርሱ ያዘና በሌባ ጣቱ ትንሽ ወስዶ በስሱ ቀባ። ክዳኑን ገጥሞ ቆርቆሮውን መስኮቱ ላይ አኖረና ቦርሳውን አንሥቶ ወደ ትምህርት ቤቱ ሄደ።